6 ታብሌት፣ 60 ልጅ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ቡሬ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቅድመ አንደኛ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 60 ልጆች አሉ፤ ዕድሜያቸው 5 እና 6 ነው። አንድ ረዳት መምህርት አለችኝ። በቅርቡ ውጭ የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች 6 ታብሌትና 1 ፕሮጀክተር ላኩልን። ርእሰ መምህሩ ቶሎ ሥራ ላይ ይዋል ብለዋል። እኔ ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። የትኞቹ አፖች ይሻላሉ? በቀን ስንት ደቂቃ? መብራት በየጊዜው ይጠፋል፣ ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የለውም። ግማሹ ወላጅ ‹ልጆቹን ስልክ ልታስለምዱብን ነው?› ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ‹የግል ኬጂዎች ሲጠቀሙ የእናንተስ?› ይላል። እባክዎ ምክርዎን ይለግሱኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ዕቃው ገና ከካርቶን ሳይወጣ መጠየቅሽ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚመጣው ታብሌቱ ከተሰበረ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርሽ። ታብሌቶቹን ለመጀመሪያው አንድ ወር ለልጆቹ አታውጪያቸው። በራስሽ ስልክና በአንዲት ትንሽ ስፒከር ጀምሪ። ለርእሰ መምህሩም ይህንኑ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ሥራው ተጀምሯል፣ ታብሌቱ ተራው ሲደርስ ይገባል በያቸው። ስልክሽም ቴክኖሎጂ ነው። ለዚህ ዕድሜ እንዲያውም ከታብሌቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ለምን መሰለሽ? የ5 ዓመት ልጅ ገና ቋንቋ እየሰበሰበ ነው። ነገ የሚያነበው ቃል ዛሬ በጆሮው የሰማው ቃል ነው። ሒሳብ ላይ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «ከመሐል» ሲባል የሚገባው አሁን በጨዋታ የያዘውን ይዞ ነው። ቋንቋ ደግሞ በምልልስ ነው የሚገባው። ልጁ ይናገራል፣ ሰው ይመልስለታል፣ ልጁ እንደገና ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። የ9 ወር ሕፃናት ማንዳሪን ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። አንዳንዶቹ ፊት ለፊታቸው ከተቀመጠ ሰው ሰሙ፤ ሌሎቹ በቪዲዮ። ከሰው የሰሙት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቪዲዮ የሰሙት ግን ጨርሶ ካልሰሙት ሕፃናት የተለየ ነገር አላሳዩም። ያንቺ ልጆች ሕፃናት አይደሉም፤ ከቪዲዮም የሚይዙት ነገር አይጠፋም። ሰው ይበልጣል የሚለው ግን ለእነሱም ያው ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ክፍልሽ ይግባ ወይስ አይግባ ለማለት አንድ ሚዛን ያዢ። ዕቃው ሲመጣ ልጆቹ ይበልጥ ካወሩ፣ ከተነሡ፣ እርስ በርስ ከተጠያየቁ፣ ይግባ። ዝም ብለው አንገታቸውን ከደፉ፣ ይውጣ። «ታብሌት ሲይዙ ክፍሉ ጸጥ ይላል» ብሎ የሚያመሰግንሽ ሰው ይኖራል። ያንን ምስጋና አትፈልጊው።

ወደ ስልክሽ እንምጣ። ድምፅ ይቀርጻል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የቀረጸውን ያሰማል። ለጊዜው ከዚህ በላይ አያስፈልግሽም። ስፒከሯ ሚሞሪ ካርድ የምትቀበልና በባትሪዋ የምትሠራ ትሁን፤ ያኔ መብራት ጠፋ ብለሽ ትምህርት አታቋርጪም።

አንድ ትምህርት በደንብ ላሳይሽ። ቅዳሜና እሑድ ከቤትና ከገበያ ድምፆች ቅረጪ። ቡና ሲወቀጥ። ሊጥ ምጣድ ላይ ሲዞር። ወፍጮ ቤት። ላም እምቧ ስትል። ባጃጅ ሲነሣ። የቤተ ክርስቲያን ደወል። ውሃ ከጀሪካን ሲንቆረቆር። እያንዳንዱ ከ10 ሰከንድ አይለፍ። ሰኞ ጠዋት ልጆቹን በክብ አስቀምጪና ስልኩን ነጠላሽ ሥር ደብቀሽ የቡናውን አሰሚያቸው። ጩኸት ይሆናል። ተያቸው፣ ይጩኹ። ከዚያ «ምንድን ነው?» ብለሽ አታብቂ። «ማን ነው የሚወቅጠው? ከዚያ በፊት ምን ተደረገ? ቀጥሎስ ምን ይመጣል?» በያቸው። ቡና ሲፈላ እያየ ያደገ ልጅ ከማጠቡ፣ ከመቁላቱ ጀምሮ እስከ በረካ ድረስ ያወርድልሻል። አንዱ ሲዘል ሌላው ያርመዋል። ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ «ክስተቶችን በቅደም ተከተል መናገር» ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ልጆቹ በራሳቸው አፍ እየሠሩት ነው።

በማግሥቱ ሁለት ድምፅ አከታትለሽ አሰሚ፤ የቱ ቀደመ? በሌላው ቀን ሦስት አድርጊው። ሳምንቱ ሲጋመስ የደወሉን ታሰሚያለሽ፤ ደወል በምን ይጀምራል? በ«ደ»። ሌላስ በ«ደ» የሚጀምር? ደብተር፣ ደመና፣ ደረት እያሉ ይጎርፋሉ። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ነው «ደ»ን ሰሌዳ ላይ የምትጽፊው። ድምፁ ቀድሞ፣ መልኩ ተከትሎ ሲመጣ ልጁ ፊደሉን ከሚያውቀው ነገር ላይ ይለጥፈዋል።

ቡሬ ላይ ስለሆንሽ ቤታቸው አዊኛ የሚነገር ልጆችም ሊኖሩሽ ይችላሉ። አማርኛው ለእነሱ ሁለተኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ዝም የሚሉት ብዙ ጊዜ ባለመቻል አይደለም። ፕሌይ ስቶር ላይ ያለ የአማርኛ አፕ ስለነሱ አያውቅም። ስልክሽ ግን የእናቶቻቸውን ድምፅ መቅረጽ ይችላል። አንዲት እናት በአዊኛ አጭር ተረት ወይም የልጅ ማባበያ ዜማ ትቅዳልሽና ክፍል ውስጥ አሰሚው። ያ ዝምተኛ ልጅ በዚያች ቀን ለጓደኞቹ ተርጓሚ ይሆናል።

አያቶችንም አትርሻቸው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጅ ለመውሰድ የሚመጡ አዛውንት አሉ። «ተረት ተረት» ብለው ሲጀምሩ ቅረጺ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ክፍል ውስጥ ስታሰሚ ታዲያ እስከ መጨረሻው አትልቀቂው። ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ አቁሚውና «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» በይ። ከስልኩ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለአስተማሪ የምትጠቅመው ማቆሚያዋ ናት። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። ጥያቄውን ከቀረጻው ያሰማሽና ታቆሚያለሽ። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ እንጅባራን እየሰጡ የአካባቢያቸውን ስም ያጠናሉ።

ሌላው በጣም የምወደው የሥዕል ቪዲዮ ነው። ልጁ በከሰልም ይሁን በእርሳስ የሳለውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጫለሽ። ስልኩን ከላይ ይዘሽ ወረቀቱን ብቻ ትቀርጪያለሽ። ልጁ በጣቱ እያመለከተ ይናገራል፤ «ይቺ ቤታችን ናት፣ ይሄ ውሻችን ነው፣ እዚህ ጋ ዝናብ መጣ።» አንድ ደቂቃ አይሞላም። ፊቱ አይታይም፣ አፕም አያስፈልግም። በወሩ ሌላ ሥዕል ሲስል እንደገና ቅረጺውና ሁለቱን አወዳድሪ። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል? «ምክንያቱም» ማለት ጀምሯል? ለወላጅ የምታሳዪው ማስረጃ ከዚህ የተሻለ የለም።

«ፊደልስ?» ማለትሽ አይቀርም። ወላጆች የሚጠይቁት እሱን ነውና እዚህ ላይ ቆየት ልበል። የፊደል ገበታችን 33 ፊደል በ7 ሥርዓት፣ በድምሩ 231 ነው። ብዙዎቹ የፊደል አፖች ይህንኑ ገበታ በተርታ ያሳያሉ፤ ልጁ ሲነካው ድምፅ ይወጣል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ልጁ ብዙም ሳይቆይ በዜማ ያወርደዋል፣ ወላጅም ይደሰታል። ከዚያ ከመሐል «ሚ»ን ብቻዋን አሳዪው። ከ«መ» ተነሥቶ ቆጥሮ ካልደረሰባት አያውቃትም።

የኔታዎች ይህን ችግር ከጥንት ያውቁታል። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ያለው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተርታው ተበተነ። አንዱን ፊደል ስታልፊ ቤቱም ሥርዓቱም ይለወጣል። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ በመልኩ የለየ ያልፋል። ጎጃም በቅኔ ይነሣል፤ የዋሸራን፣ የጎንጅን ስም ያልሰማ የለም። የፊደል ቤቱ ብልኃት ግን እምብዛም ሲወራለት አንሰማም፣ ያሳዝነኛል። የኔታ በስንደዷቸው አንዲት ፊደል ብቻ ይነካሉ። ልጁ ያቺኑ ያያል፣ ያቺኑ ይላል፣ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል።

አፕ ስትመርጪ እንግዲህ የኔታን አስቢ። ፊደሉን ይበትናል? አንድ በአንድ ይጠይቃል? ልጁ ሲሳሳት መልሶ ይጠይቀዋል ወይስ ኮከብ ሰጥቶ ያሳልፈዋል? ድምፁንም በጆሮሽ ፈትኚው። ስክሪኑን ሳታዪ አዳምጪ፤ ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ፣ ጸ እና ሰ ተለይተው ይሰማሉ? በኮምፒውተር ድምፅ የተሠሩ አንዳንድ አፖች እነዚህን ያደበላልቃሉ። አንቺ ሳታዪ መለየት ካልቻልሽ ልጁ ከየት ያመጣዋል? ሰርዢው። ሥዕሉን ደግሞ ተመልከቺ። ልጅ ያላየውን ነገር አይማር ማለቴ አይደለም። ግን ፊደሉም ነገሩም አዲስ ከሆኑበት ድካሙ እጥፍ ይሆናል። «መ» ከመርከብ ይልቅ በመሶብ ቢጀመር ቡሬ ላይ ይቀላል።

እንዲያውም የራስሽን የፊደል ሥዕሎች መሥራት ትችያለሽ። ልጆቹ በበቆሎ ፍሬ ወይም በጭቃ «በ»ን መሬት ላይ ይሠራሉ፣ አጠገቡ የበግ ሥዕል ይቀመጣል፣ አንቺ ፎቶ ታነሻለሽ። እነዚህን ፎቶዎች ወደ ታብሌቱ ትገለብጪያቸዋለሽ። የእጃቸውን ሥራ ስክሪን ላይ ሲያዩ የሚሰማቸውን ደስታ ራስሽ ታዪዋለሽ።

አሁን ታብሌቶቹ ይውጡ። መንካቱን፣ መክፈቱን ለማስተማር አትድከሚ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ የገጠር ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ፣ ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፤ ሰንብቶም የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በወራት ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ወሬው ዓለምን አስደነቀ። እኔም የልጆቻችን ብልኅነት ያኮራኛል። ለአስተማሪ የሚሆነው ትምህርት ግን ይህ ይመስለኛል፤ ዕቃውን ልጁ ካለአንቺ ያውቀዋል። ካንቺ የሚፈልገው ጨዋታውን፣ ጥያቄውንና ሁለተኛ ሰውን ነው።

ሒሳቡን እንዲህ አድርጊው። ከ6ቱ 4ቱን ብቻ ተጠቀሚ፤ 2ቱ ሞልተው መጠባበቂያ ይሁኑ። በአንድ ታብሌት 3 ልጅ፣ ባንድ ጊዜ 12 ልጅ። 60 ልጅ ማለት 5 ቡድን ነው፣ በቀን አንድ ቡድን። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። «ይህ ያንሳል» እንዳትዪ። ለዚህ ዕድሜ ይበቃል። ሦስቱ ልጆች ሥራ ይከፋፈሉ፤ አንዱ ይነካል፣ አንዱ የቱ ይነካ እንደሆነ ይናገራል፣ ሦስተኛው የሆነውን ያወራል። በየ5 ደቂቃው ይለዋወጡ። ረዳትሽ ከ12ቱ ጋር ቁጭ ትበል እንጂ አትቁም፤ ዓይኗ ከልጆቹ ጋር እኩል ይሁን። አንቺ 48ቱን ይዘሽ ውጭ ውጪ። ረዳትሽ የቀረች ቀን ታብሌቱም ይቅር። ይህን ሕግ አታጥፊው።

አፕ ብዙ አያስፈልግም፣ ሦስት በቂ ነው። የመጀመሪያው ስክራችጁኒየር ነው። ነፃ ነው፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ልጆቹ ትእዛዝ የያዙ ባለሥዕል ቁራጮችን እየገጣጠሙ ገጸ ባሕርይ ያንቀሳቅሳሉ። ቁራጮቹ ላይ የሚነበብ ቃል እምብዛም ስለሌለ ቋንቋ አያግዳቸውም። ከሁሉ በላይ የራሳቸውን ድምፅ መቅዳትና የራሳቸውን ሥዕል ማስገባት ይችላሉ። ያን የአያት ተረት እዚህ ላይ መልሰው ይሠሩታል። ሁለተኛው ጂኮምፕሪ ነው፤ እሱም ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ብዙ ጨዋታዎች አሉት፤ አንቺ ግን መቁጠር፣ ማዛመድና ቅርጽ መገጣጠም ያለባቸውን አራት አምስቱን መርጠሽ ሌላውን ተዪው። ሦስተኛው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ያሉት አጫጭር ባለሥዕል ታሪኮች ናቸው። በአማርኛ የተዘጋጁ አሉ፤ በነፃ አውርደሽ ማሳየትም ማተምም ትችያለሽ። ልጆቹ ብቻቸውን የሚያነቡት አይደለም፤ አንቺ አምስት ስድስት ልጅ አቅፈሽ የምታነቢው ነው።

ሌላ አፕ ሰው ከጠቆመሽ ከተማ ዋይፋይ ባለበት አውርጂና ዳታውን አጥፍተሽ ክፈቺው። ካልከፈተ ለአንቺ አይሆንም። ማስታወቂያ ብቅ ካለም አይሆንም፤ የ5 ዓመት ልጅ ማስታወቂያን ከጨዋታው አይለይም። ክፍል ስታስገቢያቸው ሁሉም ፍላይት ሞድ ላይ ይሁኑ። አንድሮይድ ላይ አንድን አፕ ስክሪኑ ላይ የሚቆልፍ አፕ ፒኒንግ ወይም ስክሪን ፒኒንግ የሚሉት አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ፈልጊው። እሱን ካበራሽ ልጁ ከጨዋታው ወጥቶ ወዲያ ወዲህ አይልም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። በጣት ስክሪን ላይ ፊደል የሚያስጽፉ አፖች ብዙ ናቸው፤ ያምራሉም። እነሱ የእርሳሱን ቦታ እንዳይወስዱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፈረንሳይ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን በሁለት ቡድን ያወዳደረ ጥናት ነበር። አንዱ ቡድን ፊደላትን በእጁ ጻፈ፣ ሌላው በኪቦርድ መታ። ከልጆቹ ተለቅ ተለቅ ያሉት፣ በእጃቸው የጻፉት፣ ፊደሎቹን የተሻለ ለዩ። የጣት ንክኪ ኪቦርድ አይደለም፤ ቢሆንም መስታወት ላይ የሚንሸራተት ጣት እርሳስ ሲይዝ የሚማረውን አይማርም። ጠመኔ፣ እርሳስ፣ አሸዋ፣ ጭቃ ይቀድማሉ።

ስለ ደቂቃው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። የአንቺ ልጆች ጥቂት ከፍ ያሉ ናቸው። ቤት የቴሌቪዥንና የስልክ ጊዜ እንዳለም አትርሺ። በሳምንት 15 ደቂቃ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው፤ ቤት ካለው ላይ ብዙም አይጨምርም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ታብሌቶቹን ባንድ ማከፋፈያ ላይ አንድ ላይ ቻርጅ አድርጊ። መብራት ሲጠፋ ነቅለሽ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ጥቂት ጠብቀሽ ሰኪ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ቻርጀር የሚያቃጥለው። የክረምት ዕረፍት ሲመጣ ባዶ ባትሪ አድርገሽ አትቆልፊባቸው። በግማሽ ያህል ሞልተሽ አጥፍተሽ አስቀምጫቸውና በየወሩ አንድ ሰው ይያቸው። ባዶውን ወራት የቆየ ባትሪ መስከረም ላይ አይነሣም።

ፕሮጀክተሩ ለአንቺ ክፍል ብዙ አይጠቅምም። ክፍሉ ብርሃን ነው፣ አጨልመሽ 60 ልጅ ማስቀመጥ ደግሞ እንቅልፍ ማምጣት ነው። ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር አውሺው። የወላጆች ቀን የልጆቹን የሥዕል ቪዲዮ ለማሳየት መልሰሽ ትወስጂዋለሽ።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም መምህራን አሁን አሁን ይጠይቁኛል። ለአንቺ እቅድ ማውጫ፣ የጨዋታ ሐሳብ መጠየቂያ ይሁኑሽ። ሕፃን እጅ ላይ ግን አይግቡ፤ ቻትጂፒቲን የሠራው ድርጅት ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይደለም ይላል። በአማርኛ የሚጽፉልሽን ተረት ሳታነቢና ሳታርሚ ለልጆች አታንብቢ። በሥዕል ላይ ፊደል እንዲጽፉልሽ ካዘዝሽ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል መርምሪ። የሌለ ፊደል ፈጥረው ያስገባሉ፤ ልጁም እሱን ፊደል ነው ብሎ ይይዘዋል።

የቀሩት ወላጆች ናቸው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። «ስልክ ልታስለምዱብን ነው?» የሚሉት ልጆቻቸውን ቤት እያዩ ነው የሚናገሩት። «የግል ኬጂ ሲያስተምር» የሚሉትም ልጃቸው ከሌላው እንዳያንስ ፈርተው ነው። በንግግር አታሳምኛቸውም። አንድ ከሰዓት ጥሪያቸውና የልጆቻቸውን ወንበር ላይ አስቀምጫቸው። የቡናውን ድምፅ አሰሚያቸው፣ በሦስት በሦስት ሆነው ስክራችጁኒየርን ይሞክሩ። የልጃቸውን የሥዕል ቪዲዮ አሳዪያቸው። በሳምንት 15 ደቂቃ ብቻ እንደሆነ፣ ኢንተርኔት እንደሌለው፣ ሰው አጠገባቸው እንደሚቀመጥ ንገሪያቸው። ፎቶና ድምፅ ለመቅዳት ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ውሰጂ፤ የግል ዳታን የሚጠብቅ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1321 ነው። የልጆቹን ፊት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቂ፣ ወላጅ ሲልክ ብታዪም በትሕትና አስቁሚ።

አዲሱ የትምህርት ሥርዓት ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል፤ 2-6-2-4 የሚባለው የመጀመሪያው 2 እሱ ነው። ስለዚህ ጊዜ አለሽ፣ ሁሉንም በዚህ ሴሚስተር አትጨርሺው። ደግሞም ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጥል ብዙ ልጅ እንደተጎዳ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለዚህም ድምፁ ይጠቅምሻል። የቀረጽሻቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና መዝሙሮች በሚሞሪ ካርድ ገልብጠሽ ለየቀበሌው አንድ አንድ ወላጅ ስጪ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሬዲዮ ወይም ስፒከር ያለው ቤት ጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ ያሰማል። ታብሌት እንዲህ ሊዞር አይችልም።

አሁን ሁለት ነገር ላኪልኝ። ታብሌቶቹ ላይ ሴቲንግ ከፍተሽ ስለ መሣሪያው የሚለው ቦታ ላይ የአንድሮይድ ቁጥሩን እዪ። ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳላቸውም ጻፊልኝ። ቁጥሩን ሳውቅ ስክራችጁኒየር ይሠራባቸው እንደሆነ እነግርሻለሁ። የማይሠራ ከሆነም በእነዚያው ፎቶዎችና ድምፆች ብቻ የምትሠሪበትን የ4 ሳምንት እቅድ አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ።